ማረፊያውን ያላሰበ መንገደኛ



ይህን ጽሑፍ የምንጽፍላችሁ ባልና ሚስት ሆነን ነው። ከሁለታችን መሪውን የያዘውና ጥፋቱን የሠራው ማን እንደሆነ ለመናገር አንፈልግም። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ዝም ብሎ አይቷልና ጥፋቱ የጋራችን ነው። የምንነግራችሁ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከዚያም ወደ አጋሮ ስላደረግነው ጉዞ ነው። መኪናችን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ዛሬ እኛ የቆምንበት ቦታ ላይ ሊቆም ስለሚችል ታሪኩን ለራሳችን ብቻ ማስቀረት አልወደድንም።

እንደሚታወቀው በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በዝተዋል። እኛም ያለንን አጠራቅመን፣ ከዘመድም ተበድረን አንዷን ገዛን። ለከተማ ሥራ እጅግ ተስማማችን። ማታ ግቢ ውስጥ ሰክተናት እናድራለን፣ ጠዋት ሞልታ እናገኛታለን። ከነዳጅ ሰልፍ መገላገል ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አልሐምዱ ሊላህ።

ታዲያ በኅዳር 2017 ዓ.ም ከአጋሮ ስልክ ተደወለ። የእናታችን ታላቅ እህት በጠና ታማለች፣ «እህቴን አምጡልኝ» ትላለች አሉን። እናታችን ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗታል። ጉልበቷን ያማታል፣ ስኳርም አለባት። በሕዝብ ማመላለሻ አንወስዳትም አልን። መኪና እያለን!

ቁጥሩ ያታለለን

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻጩ መኪናዋ አንዴ ከሞላች 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎን ነበር፣ በመስታወቷ ላይ የሚታየውም ቁጥር ይኸው ነው። ስለዚህ 50 ኪሎ ሜትር ይተርፈናል ብለን ደመደምን። ዕቅዳችን በሙሉ ይህ ነበር። የት እንደምናርፍ፣ የት እንደምንበላ፣ እናታችን የት እግሯን እንደምትዘረጋ አንዱንም አላሰብንም።

ስንቅና ሻንጣ ጭነን፣ ሁለቱን ልጆቻችንን ከእናታችን ጋር ከኋላ አስቀምጠን፣ የመንገድ ዱዓችንን አድርገን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ተነሣን። ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ስንደርስ ከመነሻችን 155 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደናል። ባትሪው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ምሳ የበላንበት ሆቴል ለመኪና የተዘጋጀ ቻርጀር ነበረው። አስተናጋጁም «ሦስት ሰዓት ብትቆዩ ትጠግባለች» አለን። ሦስት ሰዓት! እኛ ቸኩለናል። «ወደ ጊቤ ቁልቁለት አለ፤ ቁልቁለት ላይ ራሷን ትሞላለች» ብለን ተነሣን።

እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሯ እንደ ዳይናሞ እየሠራ ለባትሪው ኃይል ይመልሳል። ወደ ጊቤ ድልድይ ስንወርድ ቁጥሩ ጥቂት ሲጨምር አይተን ልጆቹ አጨበጨቡ። ያልነገርናቸው ነገር ከወንዙ ማዶ ያለውን አቀበት ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ 5 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ኃይል ይጠይቃል። ቁልቁለቱ ከዚህ የሚመልሰው የተወሰነውን ክፍል ብቻ ነው። የሸለቆው ሙቀት ደግሞ ለእናታችን ስለከበዳት ማቀዝቀዣውን ከፍተናል። ወደ አበልቲ ሽቅብ ስንወጣ ቁጥሩ እንደ ተበሳ እንስራ ይወርድ ጀመር። ማቀዝቀዣውን ዘጋን። ፍጥነት ቀነስን። ከዚያም ወሬ አቆምን።

ሶኮሩ ከተማ ስንገባ የቀረን 12 በመቶ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 10 ተኩል ነበር። ጅማ ገና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

ከወፍጮ ቤቱ ደጅ

መንገድ ዳር የቆሙ ወጣቶችን ጠየቅን። «ጠንካራ መስመር ያለው ወፍጮ ቤቱ ነው» ብለው አመለከቱን። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነጭ ጢም ያላቸው ሐጂ ናቸው። ነገሩን ስናስረዳቸው መኪናዋን ዞረው አዩና፣ «ልጆቼ፣ መብራቱስ ይኸው ነው። ነገር ግን ወፍጮው ሲዞር ኃይል ይወርዳል። እነዚህ እናቶች ከጠዋት ጀምሮ ተራ ይዘው ነው ያሉት። እነሱ ይጨርሱና ከመግሪብ በኋላ ትሰካላችሁ» አሉን።

ወደ ደጁ ተመለከትን። ከአሥር የማያንሱ ሴቶች በቆሎና ማሽላቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ተቀምጠዋል። አንዳንዷ ልጅ አዝላለች። ያን ጊዜ በልባችን ያለፈውን እንሸሽግ ዘንድ አይገባም። «እኛ እኮ በሽተኛ ለማየት ነው የምንሄደው፤ የእኛ ይብሳል» ልንል አፋችንን ከፍተን ነበር። የቀደመችን እናታችን ናት። «ተራ ተራ ነው» አለች። «የእነሱም ልጆች ማታ እራት ይጠብቃሉ»።

ጠበቅን። ሴቶቹ ታማሚ እንዳለብን ሲሰሙ ለእናታችን መቀመጫ አመጡላት፣ ልጆቻችንን ከልጆቻቸው ጋር አጫወቱ። የመጨረሻዋ ሴት ዱቄቷን ይዛ ስትሄድ ወፍጮው ቆመ። ሶላት ሰግደን ተመለስንና ሰካን። በተራ ሶኬት በሰዓት የሚገባው 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ መስካት ነበረብን። በመካከል መብራት ሄዶ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ።

ከሶኮሩ ወደ አሰንዳቦ በሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ተኝቷል። በ1996 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ይህ ማመንጫ 184 ሜጋዋት የማምረት አቅም አለው። በእርሱ ያለፈው ውኃ ደግሞ ተራራ ሰንጥቆ በተሠራ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተጉዞ የግልገል ጊቤ ሁለትን ማመንጫ ያዞራል፤ የእርሱም አቅም 420 ሜጋዋት ነው። አገራችን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀውን 5150 ሜጋዋት አቅም ያለውን የዓባይ ግድብም ጨምራለች። እኛ ግን በዚያች ሌሊት ከማመንጫው አጠገብ ቁጭ ብለን የአንዲት ወፍጮ ተራ እንጠብቅ ነበር። ኃይል መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በትራንስፎርመርና በቀጭን ገመድ አልፎ ደጅ ድረስ መድረሱ ሌላ ነገር ነው። መንገደኛ የሚያስፈልገው ደጅ የደረሰው ነው።

የደካማዋ በቅሎ ልክ

ሐጂ ቤታቸው አሳደሩን። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። እናታችን በዚያች ሌሊት ከዚህ በፊት ያልሰማነውን ነገረችን። አያቷ በቅሎ ጭነው በእነዚህ አገሮች ይነግዱ ነበር። ከጉዞ በፊት ማታ ማታ ልጆቻቸውን ሰብስበው መንገዱን በጣታቸው መሬት ላይ ይሥሉ ነበር አለች። የት ውኃ አለ? የት ሣር አለ? የት የሚታወቅ ሰው አለ? የአንድ ቀን መንገድ የሚለካው ደግሞ በብርቱዋ በቅሎ ጉልበት አይደለም፣ በደካማዋ ነው ይሉ ነበር። ብርቱዋ በቅሎ ብቻዋን ብትደርስ ጭነቱ የት ይቀራል?

ሲራራ ነጋዴዎች የሚባሉት እነዚህ ሰዎች ለዚህ አገር ምን ማለት እንደሆኑ ታሪክ ያስታውሰናል። ከጎጃም ባሶ ገበያ ተነሥተው፣ ዓባይን ተሻግረው በሊሙ እናርያ ወደምትገኘው ሰቃ ገበያ ይመላለሱ ነበር። አሞሌ ጨው ይዘው ሄደው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ በሚያሳዝን ሁኔታም የሰው ልጅን ሳይቀር ይዘው ይመለሱ ነበር። እስልምና ወደ ጊቤ መንግሥታት ከገባባቸው በሮች አንዱ የሙስሊም ነጋዴዎች መንገድ ነው። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ የብዙ ሲራራ መገናኛ ነበር። የዛሬዋ ጅማ የቆመችው በዚያ የገበያ ቦታ ላይ ነው። እነዚያ ነጋዴዎች ክረምት ጊቤ ሲሞላ መንገድ እንደሚዘጋ ያውቃሉ። ስለዚህ ጉዞአቸውን በወንዙ ልክ ያቅዳሉ እንጂ ወንዙን በእነርሱ ችኮላ ልክ አያቅዱትም።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ጉዳይ አይደለም። በነዳጅ የሚሠራው መኪና ራሱ ሲጀመር ማደያ አልነበረውም። በ1888 እ.ኤ.አ. በርታ ቤንዝ የምትባል ጀርመናዊት ባሏ የሠራትን መኪና ይዛ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ፣ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። ነዳጅ ስታጣ ቪስሎክ በምትባል ከተማ ካለ መድኃኒት ቤት ነዳጅ የሚሆን ፈሳሽ ገዝታ ቀጠለች። እኛ ወፍጮ ቤት እንደቆምን እርሷ መድኃኒት ቤት ቆማለች። ዛሬ ኖርዌይን የመሰለ አገር በ2024 እ.ኤ.አ. ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የኤሌክትሪክ እስከመሆን ደርሷል፣ በየመንገዱም ቻርጀር ተተክሏል። የእኛም መንገድ ኢንሻ አላህ ይደርሳል። እስከዚያው ግን የሲራራ ነጋዴውን ጥበብ መያዝ ግድ ነው።

ንጋት ላይ 48 በመቶ ይዘን ተነሣን። ጅማ 14 በመቶ ይዘን ገባን። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ትላንት ቢሆን «ትደርሳለች» ብለን እንነሣ ነበር። ያን ዕለት ግን መኪናዋን ዘመድ ቤት ሰክተን በሚኒባስ ሄድን። ንቀን የተውነው የሕዝብ ማመላለሻ አደረሰን።

አክስታችን ተደግፋ ተቀምጣ ጠበቀችን። ግቢው በሙሉ ቀይ ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይሸታል። «ትላንት ማታ ስጠብቃችሁ ነበር፣ ምን አቆያችሁ?» አለች። እናታችን «መኪናው ደክሞት አደረ» አለቻት። «መኪናም ይደክመዋል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሁለቱ እህቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ዐስር ሲያወሩ ዋሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አክስታችን ወደ አኺራ ሄደች። አላህ ይዘንላት። ወልቂጤ ላይ ሦስት ሰዓት ለማትረፍ ብለን አንድ ሙሉ ሌሊት አጣን። ያች ሌሊት የመጨረሻዋ ብትሆን ኖሮ እናታችንን በምን ዓይናችን እናያት ነበር? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ሂሳቡን ደግመን ስንሠራ

በቀጣዩ ዓመት ቡና ሲደርስ እናታችን የእህቷን ልጆች ልጠይቅ አለች። በዚህ ጊዜ ከጉዞው በፊት አንድ ማታ እርሳስና ወረቀት ይዘን፣ ልጆቹንም አስቀምጠን ተሰበሰብን። ሂሳቡን እንዳለ እናካፍላችሁ።

የመኪናችን ባትሪ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ሰውና ዕቃ ጭና፣ አቀበትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ያህል እንደምትፈጅ ከመጀመሪያው ጉዞ ተምረናል። እስከ ጅማ 60 ያህል ያስፈልጋታል ማለት ነው። ገና ከመነሻው 10 ይጎድለናል። ለክፉ ቀን ደግሞ ሌላ 10 ሳይነካ መቅረት አለበት። ስለዚህ በመንገድ ላይ 20 ኪሎዋት ሰዓት መጨመር ግዴታ ነው። ይህን በተራ ሶኬት ለመሙላት 10 ሰዓት፣ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር 3 ሰዓት፣ በ60 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ይህን ሁሉ ለማወቅ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ይበቃ ነበር። ልጃችን ናት የሠራችው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ገለበጥነው። መኪናዋ የት ትቁም ከማለታችን በፊት ሰዎቹ የት ይረፉ አልን። እናታችን በየሁለት ሰዓቱ እግሯን ማፍታታት አለባት። ለስኳሯ በሰዓቱ መብላት አለባት። ልጆቹ ሽንት ቤት ይፈልጋሉ። ሁላችንም ውዱእ የምናደርግበት ውኃና የምንሰግድበት ጥላ እንፈልጋለን። እነዚህን በወረቀቱ ላይ ስናሰፍር ለመኪናዋ የሚያስፈልገው ሦስት ሰዓት ከመካከላቸው ራሱ ወጣ።

ሱብሒ ሰግደን ተነሣን። ወሊሶ ላይ ቁርስ በላን። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወልቂጤ ገባንና ዋዜማውን በስልክ ያነጋገርነው ሆቴል ሰካን። እናታችን ጋደም አለች። ልጆቹ ቁርኣናቸውን ቀሩ፣ ተጫወቱም። ምሳ በላን። ዙህር ሲገባ ለሙሳፊር በተፈቀደው መሠረት ዙህርንና ዐስርን አጣምረንና አሳጥረን ሰገድን። ስንወጣ ባትሪው 88 በመቶ ነበር። የጊቤን አቀበት ያለ ጭንቀት እያወራን ወጣነው። ሶኮሩ ላይ ሐጂንና ቤተሰባቸውን ሰላም ብለን፣ ለእናቶቹም ያመጣነውን አድርሰን፣ መግሪብ ሳይገባ ጅማ ደረስን። የቀረን 22 በመቶ ነበር።

ለሚነሣ ቤተሰብ ጥቂት ነገር እንጨምር። ሲመለሱ ሂሳቡ አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ከጅማ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለችና መመለሻው የበለጠ ይፈጃል። ፍጥነት ሲጨምር የነፋሱ ግፊት ከፍጥነቱ በላይ ያድጋልና ቀስ ማለት ባትሪ ይቆጥባል። ፈጣን ቻርጀር ላይ ከ80 በመቶ በኋላ አሞላሉ ስለሚዘገይ እስከ መጨረሻ መጠበቅ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። አንድ ማረፊያ ብቻ ይዞ መነሣት አይበቃም። መብራት ቢጠፋ የሚኬድበት ሁለተኛ ቦታ ስልኩ ተይዞ መነሣት ያስፈልጋል። ዘመድ ቤት ሲሰካ ደግሞ አስቀድሞ ባለሙያ ገመዱን፣ ብሬከሩንና የመሬት ገመዱን ይይ። አሮጌ ገመድና ቀጭን ማራዘሚያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጎትት ይግላል፣ ቤትም ያቃጥላል።

የሰው ሐቅ

አንድ ነገር ይቀረናል። በዚያች የመጀመሪያ ሌሊት ማግስት ሐጂ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። «እንግዳ ናችሁ» አሉን። እኛም ምስጋና አብዝተን ልንሄድ ነበር። እናታችን ግን ከመኪናው አልገባም አለች። «ሐጂ፣ እንግድነት ለሰው ነው። ያበሉን ያጠጡን ለአላህ ብለው ነው፣ አጅሩን ይስጥዎ። መኪናው ግን እንግዳ አይደለም፤ የጠጣው የእርስዎን ቆጣሪ ነው» አለቻቸው። ሐጂ ሳቁና ቆጣሪው ላይ ሄዱ። ማታ ያነበቡትን ከጠዋቱ ጋር አስተያይተን 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መሆኑን አይተን ከፈልን።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡና ጠጡ የሚል አገር ነው፤ ደጅ ላይ የቆመን መንገደኛ ሰክተህ እደር ከማለት ወደ ኋላ አይልም። ነገር ግን አንድ ሌሊት የመኪና ቻርጅ አንድ ስኒ ቡና አይደለም። ባለቤቱ ይሉኝታ ይዞት ዝም ቢል እንኳ እኛ መጠየቅና መክፈል አለብን። ተራም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ያለው መኪና ስለያዘ ብቻ በቆሎ ከያዘችው እናት ፊት ሊቆም አይገባውም።

ወንድሞችና እህቶች፣ በአላህ መመካት መዘጋጀትን አያስቀርም። እኛ ያን ዕለት የመንገድ ዱዓችንን አድርገን ነበር፤ የጎደለን አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ፣ ከዚያም በላይ ለመቆም ፈቃደኛ የሆነ ልብ ነበር። እናታችን አሁን ጉዞ ሲታሰብ ወረቀቱን ራሷ ታስመጣለች። ማንበብ ባትችልም በጣቷ እየነካች «እዚህ ማን ያርፋል? እዚህስ?» ትለናለች። የመኪናዋን ተራ የምትጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው።

አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ ከቤተሰቦቻችሁም ጋር በሰላም ያገናኛችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።